አቶ ባየህ ድምፅ የሰጡበት፣ ያልተካሄደው ስብሰባ

የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተደራሽነት አስተባባሪ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፤ ወረታ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጨፌ በር ጤና ጣቢያ፣ የአእምሮ ሕሙማን መመርመሪያ ክፍል። አዳራሹ በሌላ ስብሰባ ስለተያዘ ነው።
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ ወደ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ

የተገኙ፦
1. አቶ አድማሴ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ
2. መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት፣ የሃይማኖት አባቶች ተወካይ
3. ወ/ሪት ሰብለወንጌል፣ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ
4. አቶ ካሴ፣ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት፣ የነጋዴው ተወካይ
5. አቶ ባየህ፣ የአርሶ አደሩ ተወካይ። የእሳቸውና የባለቤታቸው ስም በዚህ ጽሑፍ ተለውጧል፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይገኛል።
6. ነርስ ዘመነ፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌለው

ያልተገኙ፦ አቶ ይርዳው፣ የአርሶ አደሩ ዋና ተወካይ፣ ሩዝ አጨዳ ላይ ስለሆኑ። ቀሪዎቹ አራት አባላት ስለ ውጤታማ የስብሰባ አመራር በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ስለሆኑ።

ስለ ምልዓተ ጉባኤ

የኮሚቴው ድምፅ ሰጪ አባላት ዘጠኝ ስለሆኑ ስብሰባ ለመክፈት አምስት ያስፈልጋሉ። የተገኙት አራት ነበሩ። ሰብሳቢው ለአቶ ይርዳው ደውለው «የት ደረስህ?» ቢሏቸው፣ አቶ ይርዳው ሩዙ እየረገፈ መሆኑን፣ ሩዝ ደግሞ አጀንዳ እንደማይጠብቅ፣ ስለዚህ በእሳቸው ቦታ ሰው መላካቸውን ገለጹ። ሰብሳቢው በሩን ከፍተው ቢመለከቱ፣ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ አንድ ንጹሕ ጋቢ የለበሱ፣ ዝም ያሉ ሰው ከአንዲት ሴት ጋር ተቀምጠዋል። «ከአቶ ይርዳው ዘንድ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሰውየው አልመለሱም። ሴትዮዋ «ከይፋግ ማዶ ነን ጌታዬ፤ ከደረስን ቆየን» አሉ። ሰብሳቢው «እንግዲያው ግቡ እንጂ!» አሏቸው። ገቡ።

እዚህ ላይ መመዝገብ ያለበት ነገር አለ። የመጡት አቶ ባየህና ባለቤታቸው ወ/ሮ ገላነሽ ናቸው። የመጡት ለስብሰባ ሳይሆን ለሕክምና ነው። ቀጠሯቸውም ከዚሁ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ጋር ነው፤ ጸሐፊው የጤና ጣቢያው ብቸኛ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሲሆን፣ ስብሰባው የተቀመጠበትም ክፍል ብቸኛው የምርመራ ክፍል ነው። አቶ ባየህ ከክረምቱ ጎርፍ ወዲህ አይተኙም፣ አይናገሩም። ወ/ሮ ገላነሽ ጠዋት በር ላይ ለጸሐፊው ያሉት ይህን ነው፦ «ባለፈው ስንመጣ ሥልጠና ሄዷል ብለው መለሱን። ዛሬ ስንት ለምኜ፣ ስንት ተለማምጬ ነው ያመጣሁት። ዛሬም ከመለሳችሁን ዳግመኛ እሺ ብሎ አይመጣልኝም፣ ወንድሜ።»

ስለዚህ ጸሐፊው እጁን አውጥቶ «እኒህ ሰው የመጡት…» ብሎ ጀመረ። ሰብሳቢው ከመተዳደሪያ ደንቡ ጠቅሰው ጸሐፊ ድምፅ እንደሌለው አስታወሱት። የታካሚን ጉዳይ በጉባኤ ፊት መዘርዘር ደግሞ ከሙያው ሥነ ምግባር ውጭ ነው። ጸሐፊው እጁን አወረደ። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ታውቆ በጭብጨባ ስብሰባው ተከፈተ።

የመክፈቻ ንግግር

ሰብሳቢው በክፍሉ ውስጥ ትራስ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የታካሚው ቢሆንም እዚያ ላይ ተቀምጠው የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። መንግሥት ለዘርፉ ልዩ ትኩረት መስጠቱን ደጋግመው ገለጹ። ወ/ሪት ሰብለወንጌል ያመጡት ባነር በመስኮቱ ላይ ስለተሰቀለ ክፍሉ ጨለመ፤ መብራትም አልነበረም። ጸሐፊው በስልኩ መብራት ጻፈ። ባነሩ ላይ «የአእምሮ ሕሙማንን አናግልል! አገልግሎቱን እናስተባብራለን!» ይላል። የመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ለሻይ ቴርሞስና ለውኃ ሃይላንድ ማስቀመጫነት አገልግሏል። መድኃኒቶቹ ለጊዜው በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከባነሩ ጀርባ ናቸው።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ክፍሉ ስም

ሰብሳቢው ሰው ወደ ክፍሉ የማይገባበት ምክንያት ስሙ እንደሆነ አብራሩ። በበሩ ላይ «የአእምሮ ሕሙማን ክፍል» ተብሎ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም ስለተጻፈ፣ ሕዝቡ በሩ አጠገብ ሲደርስ «እኔስ ዓይኔን ነው የሚያመኝ» እያለ ወደ ዓይን ክፍል ይታጠፋል። በዚህ የተነሣ በጤና ጣቢያው የዓይን ሕመም ክፉኛ ጨምሯል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል፤ የዓይን ጠብታም ተልኳል።

አቶ ካሴ ሰው የሚመጣው ምክር ፈልጎ ስለሆነ «ምክር ቤት» ይባል ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ተቋም ስላለ፣ ሰው ተሳስቶ እዚያ ሄዶ ጭንቀቱን ቢዘረዝር ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል ሲሉ ጠየቁ። መሪጌታ እዚያስ ቢሆን የሚዘረዝር መቼ ጠፋ፣ የሚያደምጥ እንጂ አሉ። ይህ አስተያየት ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ታዘዘ። ወጥቶ የት እንደሚቀመጥ ለጸሐፊው ስላልተነገረው እዚሁ ይገኛል።

ወ/ሪት ሰብለወንጌል «ሰላም ክፍል» ቢባል ለጆሮም ለባነርም ይመቻል አሉ። አቶ ካሴ፣ በዚህ ጊዜ ሰላም ተብሎ የተጻፈበትን በር በፈቃዱ የሚያንኳኳ ሰው እንደማያውቁ፣ እሳቸው ራሳቸው ጥሪ ካልደረሳቸው እንደማይሄዱ ተናገሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰብሳቢው ሕመም ማለት ያልተጠራ እንግዳ ስለሆነ ክፍሉ «የእንግዳ ማረፊያ» ይባል አሉ። ሐሳቡ ተወደደ። አያይዘውም ስሙ እንዲህ ከሆነ ዘንድ ከላይ ለሚመጡ እንግዶች አልጋ ስለሌለን አንድ አልጋ ይግባበት አሉ። ታካሚዎች እንግዳ በሌለ ጊዜ ይታያሉ ተብሎ ተወሰነ። አራት ድጋፍ፣ አቶ ባየህ ዝም ስላሉ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ።

ወ/ሮ ገላነሽ ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብለው «አሁን የእኛን ነው የሚያወሩት?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁ። ጸሐፊው አዎ ብሎ መለሰ። የዋሸ አልመሰለውም፤ ሙሉ እውነትም የተናገረ አልመሰለውም።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ በሩ አቅጣጫ

ወ/ሪት ሰብለወንጌል ስም መለወጡ ብቻውን እንደማይበቃ አስረዱ። በሩ ፊት ለፊት የባጃጅ መቆሚያውን ያያል። የገባ ሰው ሳይወጣ ወሬው አንበሳሜ ከተማ ይደርሳል። ስለዚህ በሩ ወደ ጓሮ ይዙር።

አቶ ካሴ ሐሳቡን ደግፈው፣ ጓሮው ግን ረግረግ እንደሆነ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ውኃ እንደሚተኛበት አስታወሱ። መሪጌታ ሰው የሚጨነቀው ደግሞ ይልቁንም በክረምት ነው አሉ። ሰብሳቢው ችግሮችን በችግርነታቸው ብቻ ማየት ተገቢ እንዳልሆነ ገልጸው፣ ጣና አጠገባችን እያለ ታንኳ እንዴት ይቸግረናል ሲሉ ጠየቁ። አንድ ታንኳ ይዘጋጅ፤ ታካሚውን ከመንገድ ተቀብሎ በጓሮ ያስገባ።

ቀጥሎ ታንኳውን ማን ይቀዝፋል የሚለው ሰፊ ክርክር አስነሣ። ቀዛፊ ለመቅጠር መደቡ የለም። ስለዚህ መቅዘፍ በነርሱ የሥራ ዝርዝር ውስጥ እንዲካተት ተጠየቀ። ጸሐፊው የተወለደው ደጋ ስለሆነ ዋና እንደማይችል ለመናገር እጁን አወጣ፤ ድምፅ እንደሌለው በድጋሚ ተነገረው። መሪጌታ «ልጁ ሰምጦ ቢቀር ማን ያክማል?» አሉ። ሰብሳቢው ነጥቡ ወደፊት በጥናት እንደሚታይ ተናገሩ።

ውኃ የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር አቶ ባየህ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ይህን ከጸሐፊውና ከወ/ሮ ገላነሽ በቀር ያየ አልነበረም።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሩ ወደ ጓሮ እንዲዞር፣ ታንኳ እንዲዘጋጅ፣ አዲሱ በር እስኪከፈትም የፊቱ በር ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ እንዲታሸግ ተወሰነ። አራት ድጋፍ፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ። ሰብሳቢው አቶ ባየህ የታቀቡት በጥልቀት እያሰቡበት ስለሆነ ሊደነቁ ይገባል አሉ። ተጨበጨበ።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ አገልግሎት ሰዓት

አቶ ካሴ አባቶች «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ስላሉ፣ ክፍሉ ከእኩለ ቀን በኋላ ቢከፈትም ፋይዳ የለውም አሉ። ወ/ሪት ሰብለወንጌል እብድ የሚለው ቃል ከባነሩ መንፈስ ጋር ስለሚጋጭ ቃሉ እንዲታረም በጥብቅ ጠየቁ። አቶ ካሴ እኔ አላልሁም፣ ተረቱ ነው ያለው ብለው ተከላከሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ አገልግሎቱ እስከ እኩለ ቀን ብቻ እንዲሆን፣ ተረቱም ከእንግዲህ በኮሚቴው ዘንድ «የአእምሮ ሕመምተኛ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ተብሎ እንዲነገር ተወሰነ። መሪጌታ ቤት አይመታም የሚል የልዩነት ሐሳባቸውን አስመዘገቡ።

አጀንዳ አራት፦ ስለ ተደራሽነትና ስለ መንግሥት ድርሻ

ሰብሳቢው ከመመሪያው አነበቡ። ተደራሽነት ማለት አገልግሎትን በተደራጀ፣ በተቀናጀና ባለድርሻ አካላትን ባሳተፈ አግባብ ወደ ተጠቃሚው የማቅረብ ሂደት ነው። ጥያቄ ካለ ሲሉ ወ/ሮ ገላነሽ እጃቸውን አወጡ። አባል ባይሆኑም ከአባል አጠገብ ስለተቀመጡ ተፈቀደላቸው። ያሉት እንዲህ ነው፦

«እንዴው ጌቶቼ፣ ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ። እኔ ቃሉን አላወቅሁትም። ተደራሽ የምትሉት መድረስ ከሆነ፣ እኛማ ደርሰናል። ገና ሳይነጋ ተነሥተን፣ ይኸው ደርሰናል፤ ቤት ውስጥም ገብተናል። እኛስ ያጣነው የሚደርስልን ነው።»

ሰብሳቢው አስተያየቱ ገንቢ መሆኑን ገልጸው በግብዓትነት ይያዝ አሉ። ተይዟል። ወ/ሮ ገላነሽ መልሱን ሲጠብቁ ቆይተው፣ መልሱ ያ መሆኑ ሲገባቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የመንግሥት ድርሻ አገልግሎቱን መስጠት ነው ወይስ ማስተባበር የሚለው ለውይይት ቀረበ። ሰብሳቢው ማስተባበር ነው አሉ፤ ማስተባበር ከመስጠት ሰፋ ይላል፣ ሁሉንም ያቅፋል። ወ/ሪት ሰብለወንጌልም ማስተባበር ነው አሉ፤ ባነሩ ታትሟል።

መሪጌታ ጠበሉን፣ ጸሎቱንና ጾሙን ቤተ ክርስቲያን ይዛዋለች አሉ። ጠበል የመጣውን ሰው መድኃኒትህን ጣል ብለው እንደማያውቁ፣ እንዲያውም «ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» እያሉ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልኩት እሳቸው እንደሆኑ፣ የተላከው ሰው ግን ነርሱ ስብሰባ ላይ ነው እየተባለ እንደሚመለስባቸው ተናገሩ። «እኔ ክኒን አልባርክም። እሱን መስጠት የእናንተ ነው» አሉ።

አቶ ካሴ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል፣ ድሮ የታመመ ሰው በቤተሰቡ ይያዝ ነበር አሉ። አጎታቸው እንዲህ ያለ ሕመም ሲያማቸው ቤተ ዘመድ መንግሥት ሳያስቸግር፣ ከቤት ምሰሶ ጋር አስሮ፣ እየመገበ መያዙን በምሳሌነት አቀረቡ። መሪጌታ «ዳኑ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ካሴ «አይ፣ እንደታሰረ ሞተ» አሉ። ከዚያም ሐሳባቸውን ለውጠው መስጠት ነው በሚለው በኩል መቆማቸውን፣ ምክንያቱንም ማስረዳት እንደማይፈልጉ አስመዘገቡ።

ሁለት ለሁለት ሆነ። ሰብሳቢው አቶ ካሴ አቋም መለዋወጥ አይችሉም አሉ። አቶ ካሴ ምሳሌ እንጂ አቋም አልተናገርሁም አሉ። ወ/ሪት ሰብለወንጌል ባነሩ ዳግመኛ ከታተመ እሳቸውን አይመለከትም አሉ። መሪጌታ ሳይቀሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ፤ ጠረጴዛ ተመታ፤ ቴርሞሱ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ሰዓቱ ልክ እኩለ ቀን ነበር።

ድምፅ ስለ መስጠት

ሰብሳቢው ላባቸውን ጠርገው ወደ አቶ ባየህ ዞሩ። እስካሁን በሁሉም መታቀባቸውን እንደሚያከብሩ፣ አሁን ግን ጉዳዩ በእሳቸው ላይ እንደቀረ ገለጹ። «እባክዎ አቶ ባየህ፣ ድምፅዎን ይስጡ» አሏቸው።

አቶ ባየህ ሰብሳቢውን ትክ ብለው አዩአቸው። ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ የሰሙትን ልክ እንደሰሙ ለማረጋገጥ የፈለጉ መሰሉ። ድምፅ ስጥ ያላቸው ሰው ከክረምት ወዲህ አልነበረም። ተናገር፣ ብላ፣ ተኛ፣ ወንድ ሁን ያላቸው ብዙ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዲህም አሉ፦

«ውኃው ከማሳው ከወጣ ቆየ። ከጆሮዬ ግን አልወጣም። ጎርፉ የመጣ ዕለት ቡሬን በገመድ ይዤው ነበር። በሬዬን። ጎትቼ ጎትቼ እጄ ደከመ። ለቀቅሁት። እሱ እኔን ያይ ነበር። አሁን ዓይኔን ስከድን ይጠራኛል። ለዚህ ነው የማልተኛው። ሌላ ነገር የለኝም።»



ወ/ሮ ገላነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። አቶ ካሴ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጸሐፊው ደስታም እንባም አንድ ላይ መጣበት፤ በስልክ መብራት ስለሚጽፍ እንዳልታየበት ተስፋ ያደርጋል።

ሰብሳቢው ግራ ተጋብተው፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ታዲያ ይኸ… በድጋፍ ይያዝ ወይስ በተቃውሞ?» ሲሉ ጠየቁ። መሪጌታ «አቶ አድማሴ፣ ድምፅ ጠየቁ፤ ድምፅ ሰጡዎት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አሉ። ሰብሳቢው ንግግሩ ከአጀንዳው ውጭ ስለሆነ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ ሲያዝዙ ወ/ሮ ገላነሽ ብድግ አሉ። «ኧረ ጻፈው! ጻፈው ወንድሜ! ከክረምት ወዲህ የተናገረው ይኸው ነው። የምትጽፉት ሌላማ ምን አላችሁ?» አሉ። ጸሐፊው ወደ አቶ ባየህ አየ። አቶ ባየህ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ተጻፈ።

ድንገት ስለ ተነሣ ጉዳይ

በሩ ተንኳኳ። ልብሳቸው ላይ የሩዝ ገለባ የተጣበቀ አንድ ሰው ገብተው አዛናው እንደሚባሉ፣ አቶ ይርዳው በእሳቸው ፈንታ ስብሰባ ግባ ብለው እንደላኳቸው ተናገሩ። ሰብሳቢው እስካሁን የት እንደነበሩ ጠየቁ። አቶ አዛናው በታንኳው ክርክር ጊዜ መድረሳቸውን፣ ከውስጥ ጩኸት ሲሰሙ ግን በሩ ላይ የተጻፈውን አይተው ታካሚ ይዘዋል ብለው፣ እስኪረጋጋ ውጭ በትዕግሥት መጠበቃቸውን አስረዱ።

ሰብሳቢው «ታዲያ እኒህ ማን ናቸው?» አሉ። ሁሉም ወደ አቶ ባየህ ዞሩ። ጸሐፊው ድምፅም የለው፣ ፈቃድም የለው። ራሳቸው አቶ ባየህ «እኔማ ታማሚ ነኝ» ብለው መለሱ። ሁለተኛ ንግግራቸው ይህ ነው።

ሰብሳቢው ከባለ ትራሱ ወንበር ሳያውቁት ተነሡ። ወ/ሪት ሰብለወንጌል የታካሚ ድምፅ ዋጋ የለውም ከተባለ ማግለል ስለሆነ ባነሩን ይጥሳል አሉ። ዋጋ አለው ከተባለ ደግሞ መሪጌታና አቶ ካሴ ድምፁ መስጠት ለሚለው ድጋፍ ስለመሆኑ ጥርጥር ስለሌላቸው፣ የመንግሥት ድርሻ አገልግሎቱን መስጠት ነው ተብሎ ሊወሰን ነው። ሰብሳቢው ይህን ውሳኔ ይዘው ወደ በላይ አካል እንዴት እንደሚሄዱ ሲያስቡ ፊታቸው ገረጣ። አቶ ካሴ፣ አቶ አዛናው ይቆጠሩና እንቀጥል ቢሉ፣ መሪጌታ ምልዓተ ጉባኤ የሚለካው በመክፈቻ ጊዜ መሆኑን ከደንቡ አነበቡ። አቶ አዛናውም በሬዎቻቸው ውድማ ላይ ቆመው ስለሚጠብቋቸው መሄድ እንዳለባቸው ተናግረው፣ ሰላምታ ሰጥተው ሄዱ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ አቶ ባየህ ታማሚ ስለሆኑ ሳይሆን የተወከሉ ስላልሆኑ ምልዓተ ጉባኤው ከመነሻው እንዳልተሟላ ተረጋገጠ። ስለዚህ የእንግዳ ማረፊያው፣ አልጋው፣ የጓሮው በር፣ ታንኳው፣ የመቅዘፉ ግዴታ፣ የፊቱ በር መታሸግና የአገልግሎት ሰዓቱ ተሽረዋል። የተሻሻለው ተረትም ወደ ቀድሞው ቃሉ ተመልሷል። የመንግሥት ድርሻ ለሚቀጥለው አስቸኳይ ስብሰባ ተላልፏል። ስብሰባው እንዳልተካሄደ ይቆጠራል።

ይህ በሙሉ ድምፅ ከጸደቀ በኋላ ጸሐፊው ለመጨረሻ ጊዜ እጁን አወጣ። ሰብሳቢው ስብሰባው ስላልተካሄደ ጸሐፊ የሚባል እንደሌለ፣ ስለዚህ መናገር እንደሚችል ፈቀዱለት። ጸሐፊው ስብሰባው ካልተካሄደ ክፍሉ አልተያዘም፣ ባለሙያውም ከጠዋት ጀምሮ ሥራው ላይ ነበረ ማለት ነው፤ ታዲያ እስካሁን ታካሚውን ያላየው ለምንድን ነው ሲል ጠየቀ።

ሰብሳቢው ትራሱን በእጃቸው አስተካክለው ወንበሩን ወደ አቶ ባየህ ገፋ አደረጉ። «ይቀመጡ፣ የእርስዎ ነው» አሉ። ይህን ያሉት እንደ ሰብሳቢ አልነበረም፤ ጸሐፊው ስለዚህ አመሰገናቸው። አቶ ካሴ ሳይጠየቁ ባነሩን ከመስኮቱ አወረዱ፤ ብርሃን ገባ፤ መድኃኒቶቹም ተገኙ። መሪጌታ ማንም እንዳያንኳኳ ከውጭ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ አሉ፤ የኮሚቴው አባላትም ተከትለዋቸው ወጡ።

ስብሰባው ስላልተካሄደ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ተዘጋ።

ጸሐፊው ይህን ጽፎ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል፣ አቶ ባየህ በባለ ትራሱ ወንበር ላይ ተስተካክለው ተቀምጠው «አሁንም ድምፅ ልስጥ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ይስጡ አልኋቸው። በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። ከዚህ በኋላ የተናገሩት በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ዘመነ፣ ነርስ